በ3ኛው ወር የሚጠፉብን የቲቢ ታማሚዎች፦ ነርሷ፣ ቤተሰቡና ጤና ኤክስቴንሽኗ ሥራውን እንዴት ይከፋፈሉት?

የቲቢ ክፍል ነርስ (ምዕራብ ጎጃም) — ኅዳር 17

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼና በዚህ መድረክ የምትሳተፉ ሁሉ።

በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 5 ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ባለፈው ሳምንት ያጋጠመኝ ጉዳይ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ሰኔ ላይ ሕክምና ያስጀመርኩት አንድ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር፤ 3ቱን ክኒን ፊቴ ይውጣል፣ እኔ ካርዱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ እሱም «እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር» ብሎ ይሄዳል። በ2ኛው ወር መጨረሻ አክታው ተመርምሮ ባክቴሪያ አልተገኘበትም፤ ክብደቱም ከ44 ወደ 49 ኪሎ ከፍ ብሎ ነበር። ካርዱን ያየ ተቆጣጣሪ አንድም እንከን አያወጣለትም።

ከእንቁጣጣሽ ማግሥት ጀምሮ ግን ቀረ። ያስመዘገበው ስልክ አይሠራም። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቱ ድረስ ሄዳ ስትጠይቅ እናቱ ሰሊጥ አጨዳ መተማ እንደ ወረደ ነገሯት። ባለፈው ማክሰኞ ተመልሶ መጣ፤ ሳሉ አገርሽቶበት፣ ጉንጩ ገብቶ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «አልጠየቁኝም እኮ ሲስተር፤ ብነግርዎትም ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አልጠየቅሁትም። ለ2 ወር ያህል በየማለዳው ክኒን ሲውጥ አይቼው፣ በምን እንደሚተዳደር፣ መስከረም ሲጠባ የት እንደሚሄድ፣ የዓመቱን ቀለብ ከየት እንደሚያገኝ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። ስለዚህ ከእናንተ መማር የምፈልገው ይህንን ነው፦ ታማሚው ራሱን እየተንከባከበ ሕክምናውን እንዲጨርስ ነርሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከማን ጋር፣ ስለ ምን መነጋገር አለባት? ሥራውን ለቤተሰብና ለጤና ኤክስቴንሽን ስናካፍል ኃላፊነቱ በመካከል እንዳይወድቅ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

የቀድሞ የዶትስ አስተባባሪ — ኅዳር 17

ሲስተር፣ በመጀመሪያ ራስዎን ከልክ በላይ አይውቀሱ። ታማሚ ሲጠፋ እንቅልፍ የሚያጣ ባለሙያ ያለበት ክፍል ብዙ ተስፋ አለው።

ነገር ግን ክኒኑን ፊት ለፊት ማስዋጥን እንደ ተራ ነገር እንዳናየው አደራ እላለሁ። ዶትስ፣ ማለትም ታማሚው ክኒኑን ሰው እያየው የሚውጥበት አሠራር፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ በሙከራ ሲጀመር እዚህ አገር የቲቢ ታማሚ መድኃኒቱን ወስዶ በዚያው የሚጠፋበት ዘመን ነበር። ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት ያለ ተመልካች በታማሚ እጅ መስጠት ያስፈራን ስለነበር፣ ከመጀመሪያዎቹ 2 ወራት በኋላ ለብዙ ዓመታት ኢታምቡቶልና አይሶኒያዚድ የተባሉትን ሌሎች የቲቢ መድኃኒቶች ለ6 ወር ስንሰጥ ኖረናል፤ ሕክምናው በጠቅላላው 8 ወር ይፈጅ ነበር። ዛሬ በ6 ወር የምንጨርሰው ሪፋምፒሲን እስከ መጨረሻው ስለሚሰጥ ነው። ይህን መድኃኒት በግማሽ እየዋጡ በግማሽ መተው ባክቴሪያው እንዲላመደው መንገድ መክፈት ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞት የመስማት ችሎታውን ያጣ ሰው አውቃለሁ፤ ያኔ ሕክምናው 20 ወርና ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር፣ ለወራት የሚሰጠው መርፌም ጆሮ ይጎዳ ነበር። ስለዚህ «ራሱን ይንከባከብ» የሚለው ቃል «የራሱ ጉዳይ ነው» ወደሚል እንዳይለወጥ እፈራለሁ።

የነርሲንግ መምህር — ኅዳር 18

የአስተባባሪውን ስጋት እጋራለሁ፤ ሆኖም ታሪኩ ሌላ ወገንም አለው። እ.ኤ.አ. በ1959 ውጤቱ በታተመው የማድራስ (ሕንድ) ጥናት፣ በቤታቸው ሆነው የታከሙ ድሆች ሳናቶርየም (የቲቢ ታማሚዎች ተኝተው የሚታከሙበት ተቋም) ገብተው ጥሩ ምግብና ሙሉ ዕረፍት ካገኙት ጋር የተቀራረበ ውጤት አግኝተዋል፤ አብረዋቸው የሚኖሩ ቤተሰቦችም ሳናቶርየም ከገቡት ታማሚዎች ቤተሰቦች ይልቅ በበሽታው አልተጠቁም። በቤት የሚታከመው ሰው መድኃኒቱን ማጓደሉ አሳሳቢ ሆኖ ስለተገኘም፣ እየታየ መዋጥ የሚለው ሐሳብ ከዚያው ከተማ ተመራማሪዎች ዘንድ እያደገ መጣ። ቤትና ክትትል ከመነሻው አብረው የኖሩ ናቸው ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ታማሚው ወደ ጤና ተቋም ተመላልሶ ከሚውጥ ይልቅ በቤቱ ወይም በሰፈሩ እየታየ ቢውጥ እንደሚሻል፣ የሚያየውም ሰው የሠለጠነ ቢሆን እንደሚመረጥ መክሯል። «የሠለጠነ» የምትለው ቃል ላይ ማተኮር እወዳለሁ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው በካርዱ ላይ «የሕክምና ደጋፊ» በሚለው ቦታ የወንድም ወይም የሚስት ስም መጻፍ ነው፤ ያንን ሰው ግን አስጠርተን፣ ወንበር ሰጥተን፣ ምን እንደሚጠበቅበት አናስረዳውም። ስሙ የተጻፈው ሰው መጻፉን እንኳ የማያውቅበት ጊዜ አለ።

ጤና ኤክስቴንሽን (ሲዳማ) — ኅዳር 18

ሲስተር፣ እንደ እህት አንድ ነገር ላንሳ። እናንተ ጤና ጣቢያ ላይ ታማሚውን ታዩታላችሁ፤ እኛ ግን ቤቱን እናየዋለን። በአንድ ቀበሌ ሁለት ሆነን የምንሠራ ስለሆንን ማን ሰርጉ እንደ ደረሰ፣ ማን ቡናው እንደ ቀላ፣ የማን በሬ እንደ ተሸጠ በአብዛኛው እናውቃለን። ይህን የሚጠይቀን ግን የለም፤ የሚመጣልን ጥያቄ «እገሌ ጠፍቷልና ፈልጉት» የሚል ብቻ ነው፣ ያውም ከቀረ ከሦስት ሳምንት በኋላ።

በእኛ አካባቢ፣ ሲዳማ ገና ዞን በነበረበት ጊዜ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞርን የሚያስሉ ሰዎችን አክታ የምንሰበስብበትና ሕክምናውንም ቤት ድረስ የምንደግፍበት ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተሠርቶ ነበር። የሚመዘገቡት ታማሚዎች ቁጥር እጥፍ ገደማ ደረሰ፣ ሕክምናቸውን በስኬት የሚያጠናቅቁትም ከ100ው 77 የነበሩት 93 ደረሱ። ዋናው ለውጥ ታማሚው ከመጥፋቱ በፊት እኛ መስማታችን ነበር። ዛሬም የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ አዲስ ታማሚ በተጀመረ በዚያው ሳምንት ይነገረን፣ በተቻለ መጠንም የመጀመሪያው ምክር ላይ አንዳችን እንገኝ።

168 ቀን የቆጠርኩ — ኅዳር 19

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ አዲስ አበባ የምኖር እንጀራ ጋጋሪ ነኝ። የዛሬ 4 ዓመት ቲቢ ይዞኝ ድኛለሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባለ ስላደግሁ እኔም ሳልደብቅ ለአከራዬ ነገርኳት። በሳምንቱ ቤቱን ልቀቂ አለችኝ። ዕቃና ጨርቅ በሽታውን እንደማያስተላልፍ፣ የሚተላለፈው በትንፋሽና በሳል እንደሆነ፣ መድኃኒቱን በትክክል መዋጥ ከጀመርኩ በኋላም ሌላ ሰው ላይ የማስተላለፍ አቅሜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ እንደሚቀንስ የነገራት ሰው አልነበረም። ነርሷ ለእኔ ነግራኝ ነበር፤ አከራዬ ግን እኔን አታምንም። ነርስ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ አንድ ጊዜ ደጃፌ ብትቆም ኖሮ ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሌላው ችግር ሰዓቱ ነበር። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ምጣድ ላይ እቀመጣለሁ፤ የቲቢ ክፍሉ ሲከፈት ደግሞ እንጀራዬን ለሆቴሎች የማደርስበት ሰዓት ነው። ሁለት ቀን ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ሲስተር ስትጠይቀኝ ልትቆጣኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ እሷ ግን ወረቀት አውጥታ «ቀንሽን ከሌሊቱ ጀምረሽ ንገሪኝ» አለችኝና የምለውን ሁሉ ጻፈችው። ከዚያ አብራኝ የምትጋግረውን ጓደኛዬን አስጠርታ ግማሽ ሰዓት ያህል አስተማረቻት። ጓደኛዬ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ክኒኑን ስውጥ ከምጣዱ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ መስመር ታሰምር ነበር። ሲስተር በየሳምንቱ መድኃኒቴን ስወስድ የመስመሩን ቁጥርና የቀረውን ክኒን ታስተያያለች። በመጨረሻ 168 መስመር ሞላ። ያንን ቤት ስንለቅ ጓደኛዬ ግድግዳውን ቀለም አላስቀባም ብላ አለቀሰች።

የፋርማሲ ባለሙያ — ኅዳር 19

እህቴ፣ ይህን ስላካፈልሽን ከልብ አመሰግናለሁ።

እኔ በመድኃኒት በኩል የማየውን ልጨምር። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ሳይነገረው የቀረ ነገር ሲደርስበት ነው። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ብርቱካንማ ወይም ቀላ ያለ ያደርጋል። ይህ ያልተነገረው ሰው ደም ሸናሁ ብሎ በማግሥቱ ይተዋል። ፒራዚናማይድ የተባለው ሌላው የቲቢ መድኃኒት መገጣጠሚያ ያሳምማል፤ አይሶኒያዚድ እጅና እግርን ያደነዝዛል፣ ይወጋል፣ ይህም በቫይታሚን ቢ6 የሚቃለል ነው። በባዶ ሆድ ሲዋጥ የሚያጥወለውለው ሰው ቀለል ካለ ምግብ ጋር ቢወስደው መተው የለበትም። በአንጻሩ ዓይኑ ቢጫ የሆነበት፣ ማየት የደበዘዘበት ወይም ሰውነቱ የሽፍታ ዓይነት የወጣበት ታማሚ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያኑ ቀን መምጣት አለበት። ራስን መንከባከብ ማለት ለእኔ በዋነኛነት ይህ ነው፤ የትኛው ችግር ቤት ውስጥ እንደሚታገሡት፣ የትኛው ደግሞ ሩጫ እንደሚጠይቅ ለይቶ ማወቅ።

ሴቶች ላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ሪፋምፒሲን የሚዋጠውንም ሆነ በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ያዳክማል። በሕክምና ላይ ሳለች ያረገዘችና «መድኃኒቱ ፅንሱን ይጎዳዋል» ብላ ያቋረጠች እናት አጋጥማኛለች። ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ለሚወስዱም እንዲሁ መጠኑ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆን ከኤ.አር.ቲ. (የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና) ክፍል ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ክብደትም በየወሩ ይታይ፤ ከ40 እስከ 54 ኪሎ 3 ክኒን ሲወስድ የነበረ ሰው 55 ሲገባ 4 ይሆናል። ነርሷ ክብደቱን ጽፋ እኔ ካላየሁት ቁጥሩ ካርድ ላይ ቀርቶ ሰውየው ያነሰ መድኃኒት ሲወስድ ይከርማል።

የአስታማሚ ልጅ — ኅዳር 20

እኔ የምጽፈው ስለ አባቴ ነው። አባቴ በ4ኛው ሳምንት ተሻለኝ ብለው ጸበል ለመጠመቅ ሄዱ፤ መድኃኒቱንም «ከጸበል ጋር አይሄድም» ብለው ቤት ትተውት ሄዱ። በወቅቱ ያነጋገርነው አንድ ባለሙያ ተቆጥቶ «ወይ ጸበሉን ወይ ክኒኑን ይምረጡ» አላቸው። አባቴም ጸበሉን መረጡ። በ70 ዓመታቸው ከእምነታቸውና ከክኒን ምረጡ የተባሉ ሰው ሌላ ምን ይመርጣሉ?

ያዳነን የሰፈራችን ጤና ኤክስቴንሽን ናት። አባቴን ሳይሆን በቀጥታ የንስሐ አባታቸውን ሄዳ አነጋገረች። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጸበል አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸውን ቄሱ ያውቁ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ጸበሉ ቦታ ድረስ መድኃኒቱን ይዘውላቸው ሄዱ፤ በሕመም ላይ ያለ ሰው ከጾሙ ሰዓት በፊት ቀምሶ መድኃኒቱን ቢውጥ እንደሚፈቀድለትም አስረዷቸው። አባቴ ጸበሉንም አልተዉም፣ ክኒኑንም ጨረሱ።

የነርሲንግ መምህር — ኅዳር 20

ይህ ምስክርነት ለተማሪዎቼ ከማቀርበው ንግግር ሁሉ ይበልጣል። ለሙስሊም ታማሚዎችም ተመሳሳይ ውይይት ከረመዳን በፊት እንጂ ከገባ በኋላ መደረግ የለበትም። መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ፣ ሕመሙ ጾምን የማይከለክለው ሰው በሱሁር ሰዓት፣ ማለትም ጾሙ ከመጀመሩ በፊት ሌሊት በሚበላበት ጊዜ፣ ሊውጠው ይችላል፤ አቅም ለሌለው ደግሞ ሃይማኖቱ ራሱ ፈቃድ ሰጥቶታል። ይህንን ከነርሷ ይልቅ የመስጊዱ ኢማም ሲናገሩት ይበልጥ ይሰማል።

ጤና መኮንን (መተማ አካባቢ) — ኅዳር 21

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ሲስተር፣ ወጣቱ የወረደው እኛ ጋ ስለሆነ ጉዳዩን ከዚህኛው ጫፍ ልንገራችሁ።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ለአጨዳ የሚመጣው ሰው ብዛቱ እጅግ ከፍተኛ ነው። ሠራተኛው ዳስ ውስጥ ተጠጋግቶ ያድራል፤ እርሻው ከጤና ጣቢያ ሩቅ ነው፤ አጨዳ ደግሞ ሰሊጡ ሳይረግፍ መጠናቀቅ ስላለበት አንድ ቀን መቅረት ከባድ ኪሳራ ነው። ታማሚው በመጨረሻ ሲወድቅ ወደ እኛ ያመጡታል። ካርድ የለውም። «ክኒን እወስድ ነበር» ይለናል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አያውቅም። የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስትወስደው ሽንትህ ይቀላ ነበር?» የሚል ነው። እዚህ ካላዛርም (እንደ ቲቢ የሚያከሳና የሚያተኩስ ሌላ በሽታ) ስላለ፣ የከሳና የሚያተኩሰው ሰው የትኛው እንደያዘው ለመለየት ተጨማሪ ቀናት ይጠፋሉ።

እባካችሁ፣ ሊሄድ ያሰበን ሰው አትከልክሉት፤ የዓመት ገቢው ነውና ተደብቆ ይሄዳል። ከዚያ ይልቅ የዝውውር ወረቀቱን ሞልታችሁ፣ የካርዱን ቅጂና ለመንገዱ የሚበቃ መድኃኒት ይዞ ይምጣ፤ የሚሠራበትን የእርሻ አካባቢ ጠይቃችሁ በቅርቡ ያለውን ጤና ጣቢያ ንገሩት። አብሮት ከአንድ ቀበሌ የሚወርድ ሰው አይጠፋምና የሕክምና ደጋፊው ያ የመንገድ ጓደኛው ይሁን። እናቱ ጎጃም ሆና መተማ ላለ ልጇ ክኒን ልታስውጥ አትችልም።

የቀድሞ የዶትስ አስተባባሪ — ኅዳር 21

ስለ መንገድ ጓደኛው የተጻፈውን ደግሜ አነበብኩት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ደጋፊ ስንመዘግብ «ከታማሚው ጋር አንድ ቤት የሚኖር» እያልን ነበር፤ «ታማሚው በሚሄድበት የሚሄድ» ብለን አስበን አናውቅም። በመጀመሪያ የጻፍኩትን ስጋት አላነሳም፤ ነገር ግን ማስዋጡ ያለዚህ ውይይት ጎዶሎ እንደሆነ ተቀብያለሁ።

የቲቢ ክፍል ነርስ (ምዕራብ ጎጃም) — ኅዳር 27

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የወጣቱ አክታ በጂን ኤክስፐርት (ቲቢንና ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን መላመዱን በሚለይ መሣሪያ) ተመርምሮ ቲቢው መኖሩ ተረጋገጠ፤ ሪፋምፒሲንን ግን አልተላመደም። ውጤቱን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከ2 ወር በላይ ያቋረጠ ስለሆነ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምሯል።

በዚህ ጊዜ ሐሙስ ቀን አራት ሆነን ተቀመጥን፤ እሱ፣ እናቱ፣ የቀበሌያቸው ጤና ኤክስቴንሽንና እኔ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ውጭ ዛፉ ሥር ወጣን። ክኒን ሳላነሳ «እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜህን በየወሩ ንገረኝ» አልኩት። ያወጣው ሁሉ እኔ የማላውቀው ነበር። ጥር ላይ የወንድሙ ሠርግ አለ፤ ጠላና አረቄ እንደሚኖር፣ አልጠጣም ቢል ሰው እንደሚጠረጥረው ነገረኝ። መድኃኒቱ ጉበት ላይ ስለሚሠራ መጠጡ ለምን እንደሚጎዳው አስረዳሁት፤ እናቱ ደግሞ «ብርዝ አዘጋጅለታለሁ፣ በዋንጫው ውስጥ ያለውን ማን ያያል?» አሉ። እኔ ብመክር ኖሮ ይህ መልስ አይመጣልኝም ነበር። የእህቱ የ3 ዓመት ልጅ አብራው እንደምትተኛም የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ በማግሥቱ አምጥተዋት ተመረመረች፣ በሽታው ስለሌለባት የመከላከያውን መድኃኒት ጀምራለች።

የተስማማነውን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍነው። እስከ ጥር አጋማሽ በየቀኑ በጤና ኬላው ይውጣል፣ አንድ ቀን ከቀረ ጤና ኤክስቴንሽኗ በዚያው ቀን ማታ ቤቱ ትደርሳለች፣ በማግሥቱ እኔ እሰማለሁ። ወረቀቱ ላይ የሦስቱ ስም ከነ ሥራቸው አለ። የታማሚው ስም የሚል ቦታ ላይ ስሙን ራሱ ጻፈ፤ 4ኛ ክፍል ድረስ መማሩንም ያን ጊዜ አወቅሁ።

ሕክምናው ግንቦት መጨረሻ ላይ ስለሚያልቅ ለሰሊጡ አረም ሐምሌ ላይ መውረድ እንደሚችል ነገርኩት። እሱ ግን ከዚያ በፊት ለሌላ ሥራ ቢጠራ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀኝ። መተማ ያሉት ወንድሜ፣ የጤና ጣቢያችሁን ስምና የቲቢ ክፍሉን ስልክ በግል መልእክት ላኩልኝ፤ በካርዱ ጀርባ ላይ ቦታ ትቼለታለሁ።